«የናቴ» ግድፈት አይደለም

የላክሁት አጭር ልቦለድ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ቀልቷል። አራሚው ትጉህ ሰው ነው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ «የናቴ» ብዬ የጻፍሁትን «የእናቴ»፣ ስድስት ቦታ ላይ «የኔ» ያልሁትን «የእኔ» አድርጎ አቃንቶልኛል። «ከናቴ ጋር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሮበት ኅዳጉ ላይ «የንግግር ቋንቋ!» ብሎ ጽፏል። የመጽሔቱን ስም አልጠራም፤ ሰውየውም ሥራውን ነው የሠራው። ችግሩ፣ ታሪኩ ከመጀመሪያ ቃሉ እስከ መጨረሻው «እ» የምትባል ፊደል እንዳትገባበት ሆኖ የተጻፈ መሆኑ ነው። አራሚው በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት «እ» ተከለበት።

ደውዬ ነገሩን ሳስረዳው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ለምን?» አለኝ።

ይህችን «ለምን?» ከዚያ ወዲህ በብዙ ድምፅ ሰምቻታለሁ። በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት፣ ከታዳሚው መሐል አንዲት ወጣት ተነሥታ፣ ደራሲ በገዛ ቋንቋው ላይ ሆን ብሎ ገደብ ጥሎ ቢጽፍ ምን ያተርፋል ብላ ጠየቀች። መድረኩ ላይ የተቀመጡት አንጋፋ ደራሲ ጥያቄዋን እስክትጨርስ እንኳ አልታገሡም። «ቀንበር ለበሬ ነው፤ ደራሲ ምን በወጣው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ ተቀመጠች። እኔም ያጨበጨብሁ ይመስለኛል፤ አነጋገራቸው ያምር ነበር።

አነጋገሩ ያምራል፤ ሐሳቡ ግን ስንፍና ነው። የእሳቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኛ ዘንድ ስለ ልቦለድ በተወራ ቁጥር የሚደጋገመው ይኸው ነው፦ ድርሰት ከልብ ይፈልቃል፤ የፈለቀውን መገደብ ምንጩን መድፈን ነው፤ ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ሥራ የፈታ ፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ የደራሲ ትልቅነት የሚለካው በቃላቱ ብዛት ነው። «ቋንቋው እንዴት ሀብታም ነው!» የሚለው አድናቆት ከምናውቃቸው የሒስ ቃላት የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም የመጨረሻው ነው። ደራሲው ስንት ቃል አፈሰሰ እንላለን፤ ስንቱን እያወቀ ተወው ብሎ የጠየቀ ሐያሲ ግን አልገጠመኝም።

ወደ «እ» ልመለስ። ክርክሬ ያለው እዚያ ነው።

«እ»ን ከአማርኛ ማውጣት ምን ማለት መሆኑን ወረቀት ይዞ ያልሞከረ ሰው አይገምተውም። (የምትሞክሩ ካላችሁ «ዕ»ንም ጨምሩ፤ ድምፃቸው አንድ ነውና ማጭበርበር ይሆናል።) መጀመሪያ የሚሄዱት ስሞቹ ናቸው፦ እናት፣ እህት፣ እንጀራ፣ እሳት፣ እጅ፣ እግር፣ እንባ፣ እንቅልፍ፣ ዕቃ፣ ዕድሜ፣ እውነት፣ እግዚአብሔር። አባትና ወንድም ይተርፋሉ። ቀጥሎ ተውላጠ ስሞቹ ይከተላሉ፦ እኔ፣ እሱ፣ እሷ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ፣ እርስዎ። አንተ፣ አንቺና አንቱ ብቻ ይቀራሉ። «እሺ»ም «እምቢ»ም አብረው ይነጉዳሉ። «እሰይ» የለም፣ «እልል» የለም፣ «እህህ» የለም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው ቢባል አልጣላም፤ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሁሉ ይደርስበታል። ጉዱ ያለው ሰዋስው ውስጥ ነው። በአማርኛ «እሄዳለሁ» ለማለት «እ» የግድ ናት። «እንሄዳለን»ም እንዲሁ። ስለዚህ ያለ «እ» የሚተርክ ሰው «ሄድሁ» ማለት ይችላል፤ «አልሄድም» ማለት ይችላል፤ ቢጨንቀው «ልሄድ ነው» ይላል። «እሄዳለሁ» ብሎ ቃል መግባት ግን አይሆንለትም። ትናንት አለው፣ አሻፈረኝ ማለት አለው፣ ተስፋ የሚሰጥበት ግሥ የለውም። «እየ» ስለተወሰደበት «እየበላሁ ነው» አይልም፤ የያዘው ሥራ ሁሉ ወይ አልቋል ወይ አልተጀመረም። እንዲህ ያለ ሰው ልፍጠር ብዬ አልተነሣሁም። ፊደሏ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው።

እናቱን መጥራት አይችልም። «እናቴ መጣች» የለም፤ «እናቴን አየኋት» የለም። አማርኛ ግን አንዲት ቀዳዳ ትታለታለች። «የ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «በ» ሲቀድሟት በንግግራችን «እ» ትዋጣለች፦ የናቴ፣ ለናቴ፣ ከናቴ፤ ታክሲ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የምንሰማት «በናትህ»ም ከዚያው ናት። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዲህ እናት የምታደርገው ነገር የለም፤ የሚደረግባትም የለም። ያለችው በነጠላዋ፣ በበርጩማዋ፣ ከእሷ በተወሰደውና ለእሷ በቀረበው ነገር ብቻ ነው። ልጁም ለራሱ «የኔ»፣ «ለኔ»፣ «ከኔ» እንጂ «እኔ» የሚልበት አፍ የለውም። ሰልስት ወጥቶ ሰው ከተበተነ በኋላ እቤት የቀረ ሁሉ ይህን ሰዋስው ያውቀዋል። አንዷ ቁራጭ እንዲህ ትላለች፦

የናቴ ነጠላ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ማንም አላወረደውም። ሰልስቱ ሲወጣ አክስቴ ልታጥበው አነሣችውና መልሳ ሰቀለችው። ጎረቤት ቡናውን ጠጥቶ ተበተነ። ከኔ በቀር ቤት የቀረ የለም። ምድጃው አጠገብ የናቴ በርጩማ አለ፤ አልተቀመጥሁበትም። ማታ በሩን ልዘጋ ስነሣ ነጠላው ተነቃነቀ። «መጣሁ» አልሁ። ማንም አልጠራኝም።

ይህ ቁራጭ በነፃነት ቢጻፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አስቀድሜ በነፃነት ጽፌዋለሁና። እንባዬ እንደ ክረምት ጎርፍ ወርዷል፣ ቤቱ እንደ መቃብር ጭር ብሏል፣ ሐዘን እንደ ጥላ ተከትሎኛል። አንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ «እንደ» ቆጠርሁ። «እ» ስትሄድ «እንደ»ን ይዛት ሄደች፣ የሰነፍ ደራሲ ምርኩዝ ከእጄ ወደቀ። ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር ማመሳሰል ሲያቅተኝ ነገሩን ራሱን ማየት ግድ ሆነብኝ፤ ነጠላውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ነጠላ አልነበረም። «እጅግ»ም አብራ ሄዳለች፤ እሷን የሚናፍቅ ካለ ይንገረኝ።

የመንገዱ ቀዳሚ እኔ አይደለሁም። ዦርዥ ፔሬክ የተባለው ፈረንሳዊ በ1969 ሦስት መቶ ገጽ ገደማ የሚሆን ልቦለድ አሳትሟል፤ በፈረንሳይኛ ከሁሉም የምትበዛው፣ «ኧ» ብለው የሚጠሯት ፊደል አንድም ቦታ የለችበትም። (የማነሣቸው የውጭ ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ልል ስል ለካ እሷም በሕጌ የተከለከለች ናት፤ እዚህ ባትከለከልም ልማድ ሆኖብኝ እጄ ሸሸ።) የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «መጥፋት» ወይም «መሰወር» ቢባል ያስኬዳል። የመርማሪ ታሪክ ዓይነት ነው፤ ሰዎች ይጠፋሉ፣ የቀሩት ምን እንደጎደለ ሳያውቁ ይፈልጋሉ።

«ሥራ የፈታ ጨዋታ» የሚለው ነቀፋ በፔሬክ ላይ ሲሰነዘር የምቆጣበት ምክንያት አለኝ። ሰውየው በ1936 ፓሪስ ውስጥ ከፖላንድ ከመጡ አይሁዳውያን ተወለደ። አባቱ በ1940 ለፈረንሳይ ሲዋጋ ሞተ። እናቱ በ1943 ተይዛ ወደ አውሽቪትዝ ተጫነች፤ አልተመለሰችም። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ስለ እሷ የሰጠው ወረቀት የሞት ምስክር አልነበረም፣ የመጥፋት ምስክር ነበር፤ ልቦለዱ የተሰየመበትን ያንኑ ቃል ይዟል። በፈረንሳይኛ «አባት»ም «እናት»ም ያለዚያች ፊደል አይጻፉም። የራሱ ስም ውስጥ አራት ጊዜ ትገኛለች። «ያለ ኧ» እና «ያለ እነሱ» የሚሉት ሐረጎች ደግሞ ለፈረንሳይ ጆሮ ይቀራረባሉ። በ1975 ስለ ልጅነቱ የጻፈውን መጽሐፍ መታሰቢያነት የሰጠው ለዚያችው ፊደል ነው። ይህ ሰው ስለ እናቱ ሞት ከልቡ እንደፈለቀለት ቢጽፍ ኖሮ ከሺህ የጦርነት ትዝታዎች አንዱን እናገኝ ነበር። ያገኘነው ግን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ እናት ማለት የማይቻልበት ቋንቋ ነው።

ተርጓሚዎቹም ደፋሮች ናቸው። ጊልበርት አዴር በ1994 ያቀረበው የእንግሊዝኛ ትርጉም ያችኑ ፊደል አስወጥቷል። ስፔናውያኑ ግን በቋንቋቸው ከሚበዙት ፊደላት አንዷ የሆነችውን «አ»ን ጣሉ። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ደፋር ቢነሣ የቱን ይጥላል? የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቀፎ ስለሚይዝ አንድ አናባቢ ብቻ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም፤ ሳድሱን ሁሉ ልጣል ያለ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። እኔ «እ»ን የመረጥሁት በብዛቷ አይደለም። እናት ያለችባት ስለሆነች ነው።

አሁን ለአንጋፋው ደራሲ አንድ ነገር ልስጣቸው። ከፔሬክ ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1939፣ ኧርነስት ቪንሰንት ራይት የተባለ አሜሪካዊ ያችኑ ፊደል አስወጥቶ ከሃምሳ ሺህ ቃላት በላይ የሆነ ልቦለድ አሳትሟል። ፊደሏ ሳታውቀው እንዳታመልጠው የጽሕፈት መኪናው ላይ ቁልፏን በክር አስሯት ነበር። «ጋድስቢ» ይባላል መጽሐፉ። ጋድስቢ የተባለ ሰው የከተማውን ወጣቶች አስተባብሮ ከተማውን ያለማል፤ አለቀ። ፊደሏ ብትኖርም ባትኖርም ከተማው ይለማል። በመጉደሏ የሚጎዳ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ክሩ የታሰረው መኪናው ላይ ብቻ ነው። አዛውንቱ ስለዚህ መጽሐፍ ተናግረው ቢሆን ኖሮ ሳልጠራጠር አብሬያቸው አጨበጭብ ነበር። ገደብ በራሱ ደራሲ አያደርግም። ጥርስ የሚኖረው ታሪኩ የሚያመው ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው።

ከዚህ በኋላ «ከልብ ይፈልቃል» የሚለው ይቀራል። ይህ ሐረግ ብዙ ሰው ያሞኘ ነው። ብዕር ስናነሣ መጀመሪያ የሚመጣልን ቃል ከልብ የመጣ አይደለም፤ መንገዱ ቅርብ ስለሆነ የቀደመ ነው። ትናንት ካነበብነው፣ ልጅ ሳለን ከሰማነው የሬዲዮ ድራማ፣ ከሠርግ ካርድ የመጣ ነው። ፈተና ልስጣችሁ። ከመደርደሪያችሁ አንድ የፍቅር ልቦለድ አውርዱና አራት ቃል ብቻ ሰርዙ፦ ልብ፣ ሆድ፣ አንጀት፣ ቆሽት። ሆዷ አይባባ፣ አንጀቱ አይላወስ፣ ልቧ አይሰበር፣ ቆሽቱ አይረር። ከስንቱ መጽሐፍ ሰው ይተርፋል? ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት የሥጋ ቤት ብልት ሆነው ነው የሚገኙት። እነዚህ ፈሊጦች ሲወለዱ ድንቅ ነበሩ፤ እናቶቻችን አፍ ላይ ዛሬም ድንቅ ናቸው። ልቦለድ ውስጥ ግን ደራሲው ያላየውን ነገር እንዳየ የሚያስመስልባቸው መጋረጃ ከሆኑ ሰንብተዋል።

የእነዚህን ቃላት ክልከላ እስከ ጫፍ የወሰደች ሴት አለች። አጎታ ክሪስቶፍ ሃንጋሪያዊት ነበረች፤ በ1956 አብዮቱ ሲደመሰስ የአራት ወር ልጇን ይዛ ከባሏ ጋር ድንበር ተሻገረች፣ ስዊዘርላንድ ነሻቴል ገባች፣ የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ሠራች። በማታውቀው ፈረንሳይኛ እየተኮላተፈች ኖረች። በ1986 በዚሁ ቋንቋ «ትልቁ ደብተር»ን አሳተመች። በጦርነት ጊዜ አያታቸው ዘንድ የተጣሉ መንታ ወንድማማቾች ራሳቸውን በራሳቸው ያስተምራሉ፣ ድርሰት ይጽፋሉ፣ ይተራረማሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ የተጻፈው እውነት ይሁን። ስሜትን የሚጠሩ ቃላት ልካቸው ስለማይታወቅ አይገቡም። አያታችን ጠንቋይ ትመስላለች ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሰዎች ጠንቋይ ይሏታል ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል፣ ይላሉና። መጽሐፉ ራሱ የተጻፈው በልጆቹ ሕግ ነው። ልጆቹ አዘንን፣ ፈራን፣ ወደድን እያሉ አይተርኩም። አንብቤው ስጨርስ ከተቀመጥሁበት ለመነሣት ጊዜ ፈጀብኝ። ከልቧ አልፈለቀም የሚል ካለ እስቲ ይቅረብ።

ከኡሊፖ መሥራቾች አንዱ ሬሞን ክኖ (ኡሊፖ በኅዳር 1960 ፓሪስ ላይ የሥነ ጽሑፍ ሰዎችንና የሒሳብ ሰዎችን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀመጠው ማኅበር ነው፣ ፔሬክም በኋላ አባሉ ሆኗል) ይህን ነገር ቀደም ብሎ ተናግሮታል። ጥንታዊ ድራማ በታወቀ ሕግ የሚጽፍ ሰው፣ ያሻኝን እጽፋለሁ ከሚለው ይልቅ ነፃ ነው፤ ያሻኝን ባዩ የሚገዛለትን ሕግ አያውቀውም ነው ሐሳቡ። እኛ አገር ለነፃ አጻጻፍ ምስክር የሚጠራው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው፦ «እንዳሻው ጻፈ» ይባላል። እኔ ስብሐትን ሳነብ የሚታየኝ ጥብቅ ሰው ነው። አፉ የማይለውን ቃል ብዕሩ አይጽፍም። የቤተ ክህነት ግርማ፣ የቢሮ ሽቅርቅር፣ የጨዋ ማለባበሻ ሁሉ ተከልክለዋል። ይህን ክልከላ ነፃነት ብለን ስለጠራነው ክልከላነቱ አይቀርም።

የፈረንጅ ቅብጠት ለሚለው መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ጫካ ለጫካ ይሄዳል፤ በጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ በመወድስ ስምንት ቤት፤ ዜማው ልክ አለው፣ ቤት መምቻው ልክ አለው፣ ሰሙ ከወርቁ መገጠም አለበት፣ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ማታ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ያልገጠመ እንደሆነ ነገ ወደ ጫካው ይመለሳል። ከዚህ የጠበቀ የቋንቋ ገደብ ኡሊፖዎችም ያሰቡት አይመስለኝም። ይህን በመኩራራት አልጠራውም፤ «እኛ ቀድመናል» ማለት ራሱ ሌላ የስንፍና ዓይነት ነው። የሚገርመኝ ግን ያው ሰው ጠዋት ስለ ቅኔ ጥልቀት ንግግር አድርጎ ማታ ልቦለድ ላይ ገደብ የጣለውን «ምን በወጣው» ማለቱ ነው። ቅኔ የግጥም ነው፣ ስድ ንባብ ስሙም ስድ ነው ይሉኛል። ስሙ አሳስቶን ይሆን? ልጅን ስድ ማለት ስድብ ሆኖ ሳለ ጽሑፍ ሲሆን ለምን ምስጋና እንደሚሆን አልገባኝም።

ገደብ ሁሉ ግን ዘመዴ አይደለም። «ንጹሕ አማርኛ ብቻ» የሚለውን አዋጅ አልቀበልም። ጋራዥ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ውስጥ ፍሬንና ካምቢዮ የሚሉትን ቃላት አስወጥቶ በኮሚቴ የተሰየመ ነገር የሚያስገባ ደራሲ መካኒኩን ገድሎ መኪናውን ያስቀርልናል። እዚያ ገደቡን የጣለው ታሪኩ ሳይሆን ሰባኪው ነው። በአንጻሩ የልጆች መጻሕፍት ጸሐፊው ዶክተር ሱስ በ1960 በሃምሳ ልዩ ልዩ ቃላት ብቻ መጽሐፍ ጽፎ ከአሳታሚው ጋር የገባውን ውርርድ አሸንፏል፤ ልጆች ዛሬም ይስቁበታል። የቃላት ሀብት ቆጣሪዎቻችን ይህን ምን እንደሚሉት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም ተቃውሞ ግን የማከብረው አንድ አለ። የሠፈራችን ሰው ነው፣ ጋሼ የምለው፣ በደርግ ዘመን ማተሚያ ቤት የሠራ። ታሪኩን አንብቦ፣ ሕጉን ነግሬው፣ መነጽሩን አወለቀና «እኛ እኮ ቃል ሲሰረዝብን ነው የኖርን» አለኝ። «ሳንሱር የሄደ ጽሑፍ ምን ሆኖ ይመለስ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን በገዛ እጅህ ራስህን ትሰርዛለህ?»

ቶሎ አልመለስሁለትም። ይህ አገር የበዓሉ ግርማ አገር ነው። ልቦለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥታ ብዙ ሳትቆይ ከገበያ ተለቀመች፤ ደራሲዋ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚህ ታሪክ በኋላ ገደብ የሚለው ቃል ጆሮ ላይ የሚቆረቁረው ሰው ትክክል ነው። ግን ጋሼ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል አልሁት። ሳንሱር የሚያወጣው ጉዳይን ነው፤ እኔ ያወጣሁት መሣሪያን ነው። ያለ «እ» ስለ ፈለግሁት ነገር መጻፍ እችላለሁ። «መንግሥት» ውስጥ «እ» የለችም። «እስር ቤት» ውስጥ አለች፤ እንግዲያው «ወህኒ» እላለሁ፣ «ታሰረ» እላለሁ፣ «ወስደው አልመለሱትም» እላለሁ። ሌላም አለ። ሳንሱር ሕጉን ወረቀት ላይ አስፍሮ አይሰጥህም። የቱ ቃል እንደሚያስይዝህ ስለማታውቅ ሁሉንም ትፈራለህ፣ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ርቀህ ትቆማለህ፣ በኋላ ሁለቱን ክንድ ግድግዳ ነው ብለህ ታምናለህ። ዛሬ በነፃነት እጽፋለሁ የሚለው ደራሲ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ብሔሩ፣ ስለ ደብሩ ሲደርስ ብዕሩ ለምን እንደሚዞር ጠይቁት፤ አላዞርሁም ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ አይታወቀውም። የእኔ ግድግዳ አንዲት ፊደል ናት፤ የት እንዳለች አውቃለሁ፣ በጣቴ እነካታለሁ፣ ነገ ቢሰለቸኝ አፈርሳታለሁ። ከእሷ ወዲህ ያለው ሜዳ ሁሉ የእኔ ነው።

ጋሼ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ወስደው አልመለሱትም የሚለው ጥሩ ነው» አለ፤ ስለ ቀረው ነገር ምንም አላለም።

አንባቢው አያስተውልም፣ ድካሙ ለማን ነው የሚሉም አሉ። ስለ አንድ አንባቢ ብቻ መመስከር እችላለሁ። አራሚው ያን ቀን ስልኩን ከዘጋ በኋላ አሥራ ሰባቱንም «እ» በነጭ ቀለም አጥፍቶ ጽሑፉን እንደነበረው መለሰው። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ላይ ደወለ። ድምፁ ወንጀል እንዳገኘ ሰው ነበር። «ሦስተኛው ገጽ፣ ከታች አራተኛው መስመር» አለኝ። «እንኳ ብለሃል።» ገልጬ አየሁ። ብያለሁ። ስንት ጊዜ አንብቤው አምልጦኛል። «አክስትየው ስለ ነጠላው ስታወራ ነው» አለ፤ «እንኳ ባይኖር ይሻላል፤ እሷም አትለውም ነበር።» ልክ ነበር። የአክስትየዋን አፍ ከእኔ ይልቅ እሱ ሰምቶታል፤ ሲያርም በነበረበት ከሰዓት በኋላ ግን አልሰማትም።

«አሁንስ ምን ይዘሃል?» አለኝ።

አሁን የያዝሁት ታሪክ «ነበር» የሚባል ቃል የሌለበት ነው አልሁት። ነበር፣ ነበረች፣ ነበሩ፣ ዘራቸው በሙሉ። ስለ አንድ ሽማግሌ ነው።

«በናትህ!» አለ።

በዕቅዴ ሽማግሌው አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ይሞታል። ድንኳኑን አስቤያለሁ፣ ንፍሮውን አስቤያለሁ፣ ለቀስተኛውን በየወንበሩ አስቀምጫለሁ። ከመሐላቸው አንዱ አንገቱን ነቅንቆ «ደግ ሰው ነበር» ማለት አለበት፤ አይችልም። ሌላ የሚለውን እየፈለግሁለት ሃያ ሁለተኛው ገጽ ደርሻለሁ። ሽማግሌው እስካሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።